ሻዩ እስኪበርድ

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ የሽኝት ሻይ አዘጋጀልኝ። ኬኩ ከፒያሳ የመጣ ነበር፤ ንግግሩ ረዘመ፤ ስጦታው አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ነበር። ከእንግዲህ የትም ለማይቸኩል ሰው የግድግዳ ሰዓት መስጠት ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ንግግሩ አልቆ ሰው ወደ ኬኩ ሲዞር፣ እኛ ክፍል በቅርቡ የተቀጠረች ልጅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን አውጥተን ስምና ቀን ነው የምንቀይረው። እርስዎ ግን ሁልጊዜ ከባዶ ወረቀት ነው የሚጀምሩት። ከየት ነው የሚያመጡት?»

«ከሻይ» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ እኔም ለማብራራት ጊዜ አላገኘሁም፣ ፎቶ እንነሳ ተባለና ተነሳን። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። ያን ሁሉ ንግግር ስሰማ፣ ያን ሁሉ ምስጋና ስቀበል፣ የእትዬ ሙሉን ስም አንዴ እንኳ አልጠራሁም። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ለልጅቷ መልስ ነው፤ ለእትዬ ሙሉ ደግሞ የዘገየ ምስጋና።

የተወለድኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ የቀረው። ቤት መዋል በዚያን ጊዜ ለጎረምሳ ጤና አልነበረም፤ እናቴ በጭንቀት ልታልቅ ደረሰች። ጊዮርጊስ ስትሳለም የምታውቃቸው አንዲት ሴት ነበሩ፤ ቀድሞ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የአለቃ ጸሐፊ የነበሩ። አለቃቸው ሲታሰር እሳቸውም ከሥራ ተሰናበቱ። በተሰጣቸው ገንዘብ ሁለት አሮጌ የጽሕፈት መኪና ገዝተው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በስተጀርባ ባለች አንዲት የጭቃ ክፍል ማመልከቻ መጻፍ ጀመሩ። ራሳቸው የሚኖሩት እዚያው ከኋላዋ ባለች ጓዳ ነበር። እናቴ የልጅነት ደብተሬን ይዛ ሄዳ የእጅ ጽሑፌን አሳየቻቸው። «ጽሑፉ ያምራል። ማሰቡን እናያለን» ብለው ተቀበሉኝ።

እትዬ ሙሉ ያኔ አምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ክረምት ከበጋ የወንድ ኮት ይለብሳሉ፣ መነጽራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ምላሳቸው የአራዳ ነው፤ ሰው ሳይከፋው ይወጋሉ። ደንበኞቻችን ከቀበሌ፣ ከከፍተኛ፣ ከማዘጋጃ ቤት ጋር ጉዳይ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ቤት የተወሰደበት፣ ልጁ የታሰረበት፣ ጡረታው የዘገየበት፣ ዝውውር የከለከሉት ሁሉ ወደዚያች ክፍል ይመጣ ነበር። ክፍያችን የሚወራ ነገር የለውም፤ ከቴምብሩ ዋጋ ብዙ አይርቅም።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። እትዬ ሙሉ ከጎን ካለው ሻይ ቤት ሁለት ሻይ እንዳመጣ ላኩኝ። አመጣሁ። የእሳቸውን ብርጭቆ በማስቀመጫው ሳህን ከድነው ወደ ጎን ገፉት። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ በካርቦን ከተበላሹ ወረቀቶች አንድ ለራሳቸው፣ አንድ ለእኔ አወጡና እርሳስ ሰጡኝ።

«ጻፍ።»

«የማንን ጉዳይ?»

«የማንንም።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«እኔ በምን አውቄ? እጁ ያንተ ነው። ሻዩ እስኪበርድ እጅህ እንዳይቆም፤ ይኸው ነው። አትሰርዝ፣ ወደ ኋላ አትመለስ፣ አታንብብ። ቃል ካጣህ ‹ቃል አጣሁ› እያልክ ጻፍ፤ ሰልችቶህ ሌላ ቃል ታመጣለህ።»

ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው መጻፍ ጀመሩ። እጃቸው አንዴም አልቆመም። ሻዩን በጣታቸው ነክተው መብረዱን ሲያረጋግጡ እርሳሱን አስቀመጡና ያንን ቀዝቃዛ ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ወረቀታቸውን፣ ቀጥሎም የእኔን፣ ሳያዩ ቀዳደው ከበሩ ኋላ ያለ የውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመሩት።

ይህን ነገር «ጉሽ» ይሉት ነበር። እናታቸው ጠላ ይሸጡ ነበርና ቃሉ ከዚያ የመጣ ነው። ባልዲው ላይ አፍጥጬ ሲያዩኝ፣ «ጠላ ሲጠለል አይተሃል አይደል? ደንበኛ የሚመጣው ለተጠለለው ነው። ጉሹ እዚሁ ጓዳ ይቀራል» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ውሃ ውስጥ ይገባል?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚህ ጊዜ ሰው ያሰበውን ጽፎ ኪሱ ይዞ ይዞራል እንዴ? ፋራ አትሁን።»

ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ወረቀቱ ሳምንት ያህል ርሶ ሲላቁጥ ጨምቀው የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይጠቀጥቁታል። ንፋስ ይከላከላል። ዓመት ከዓመት ግድግዳው ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ የእትዬ ሙሉ ሐሳብ ሆነ።

ሌላው የሚያስደንቀኝ ልማዳቸው ሰው የሚሰሙበት መንገድ ነበር። ባለጉዳይ ሲቀመጥ የጽሕፈት መኪናውን በጨርቅ ይሸፍኑታል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ያስወሩታል። ሰውየው ሲጨርስ «እስቲ እንደገና» ይላሉ። ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚያስወሩ ስጠይቃቸው፣ «መጀመሪያ የሚነግሩህ ሰፈር ያስጠናቸውን ነው። ሁለተኛ ሲሆን አንድ ነገር ይቀየራል፣ አንድ ነገር ይጨመራል። እሱን ያዝ» አሉኝ። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ ያደርጋሉ፤ ባለሥልጣን ገልብጦ አያነብም። በግራ በኩል ሰፊ ኅዳግ ይተዋሉ፤ ውሳኔውን የሚጽፍበት ቦታ ያጣ ሰው ተናዶ ነው የሚጽፈው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ደግሞ በሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ ሊገኝ የማይችል ነገር መኖር አለበት። ይሄ የማይጥሱት ሕጋቸው ነበር።

ጉሹ ግን አልገባኝም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰፈራችንን ሱቆች ስም ስደረድር፣ «ራበኝ» ብዬ ገጽ ስሞላ ቆየሁ። በኋላ ጨርሶ ተንኮል ጀመርኩ፤ በየቀኑ ያንኑ ዓይነት ነገር እያገላበጥኩ እጄን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። እትዬ ሙሉ ወረቀቱን አያነቡትም፤ በምን ያውቃሉ ብዬ ነው። አንድ ቀን ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «እጅህ እየሄደ ነው፤ አንተ ግን ከቆምክ ሰነበትክ» አሉኝ። ፊቴ ቢቀላም አልተመለስኩም።

እንዲያውም ልቤ አብጦ ነበር። በሁለተኛው ዓመቴ ያሳደጉትን አክስቱን አስታሞ የቀበረ አንድ ሰው መጥቶ፣ የሟችን ቤት ለማስቀረት ማመልከቻ ጻፍኩለት። መግቢያው ላይ «እንደ እናቴ ጦሬ፣ እንደ ልጅ አልቅሼ፣ በገዛ እጄ አፈር ያለበስኳቸው» ብዬ ደረደርኩ። ሰውየው ቤቱ ጸናለት። ደስ ብሎት ሻይ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ዓረፍተ ነገሩን በቃሉ አነበነበው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ «ያ ልጅ ይጻፍልኝ» ማለት ጀመረ። እኔም ያችን ዓረፍተ ነገር ሞት ያለበት ጉዳይ በመጣ ቁጥር መግቢያው ላይ አስቀምጣት ጀመር። እትዬ ሙሉ የእኔን ሥራ አንድ በአንድ አያነቡም ነበር፤ ያኔ ዓይኔ ይደክማል እያሉ የንባቡን ሥራ ቀንሰው ነበር።

ዘነበች የመጣችው ክረምቱ እንደገባ ነው። የዚያን ዕለት እትዬ ሙሉ ዓይናቸውን ሊታዩ ሐኪም ቤት ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። ዘነበች ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀድሞ ውቤ በረሃ መጠጥ ቤት ያስተናገደች፣ በኋላ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ሻሿ ረጥቧል። እዚያው ውቤ በረሃ እማማ አሰገደች ከሚባሉ አሮጊት ጋር በአንዲት የቀበሌ ክፍል ዓመታት ኖራለች፤ በመጀመሪያ ተጠግታ፣ በኋላ አስታማሚ ሆና። ውሉ በአሮጊቷ ስም ነው። እማማ አሰገደች ሞቱ። ቀበሌው ዘመድ አይደለሽም፣ ቁልፉን አስረክቢ አላት። ሌላ መግቢያ የላትም።

እኔ እሷ እያወራች መጻፍ ጀምሬ ነበር። ያችን ዓረፍተ ነገር መትቼ ወደ ሁለተኛው መስመር ወርጃለሁ። በመሀል ዘነበች ስለ አንድ ገመድ ታወራ ጀመር፤ አሮጊቷ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ብቻቸውን ሽንት ቤት እንዲሄዱ ስለዘረጋችላቸው ገመድ። እጄን ከመኪናው ሳላነሳ ቀና አልኩ።

«ይሄ አይጻፍም፣ እህቴ። ክቡር መሥሪያ ቤት ነው። ሽንት ቤት እንዴት ብለን እንጽፋለን?»

ደነገጠች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ «ልክ ነህ፣ ይቅርታ። አፌ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ስሟንና የቤት ቁጥሩን ብቻ ነው። እኔ ጨዋነት ያስተማርኳት መስሎኝ ነበር። ማመልከቻውን አሳምሬ ጨርሼ፣ ሦስት ኮፒ አድርጌ ሰጠኋት።

ከሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። እትዬ ሙሉም ነበሩ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ በሩ ላይ ቆማ ነው የነገረችን።

«የከፍተኛው ሊቀመንበር ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሕዝብ ባለበት ጮክ ብሎ አነበበው። ሦስቱም እንደ እናቴ ጦሬ ነው የሚሉት። ‹እኚህ ሴትዮ ስንት ጊዜ ነው የሚቀበሩት?› አለ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀብኝ።» ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «እኔ እኮ የእውነቴን ነበር።»

መዝገቧ ላይ «ሐሰተኛ አቤቱታ» ተብሎ ተጽፎበታል። በማግስቱ ክፍሏ ታሽጎ ዕቃዋ ግቢው ውስጥ ወጥቷል። ዝናቡ እንዳይመታው ፕላስቲክ አልብሳው ነው የመጣችው።

የት እንደምገባ ጠፋኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል። እትዬ ሙሉ የእኛ ዘንድ የቀረውን ኮፒ አውጥተው አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አነበቡት። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ወረቀቱን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ቆንጆ ነው» አሉ።

ከዚያ የባሰ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ዘነበች ዞረው፣ «ይቅርታ አድርጊልን ልጄ። ጥፋቱ የቤቴ ነው። እንደገና ይታይልኝ ማለት ይቻላል፤ የሦስት ቀን ጊዜ አለሽ። ነገ ከሰዓት ነይ» አሏት። እሷ ስትወጣ ወደ እኔ ዞሩ። «ያበላሸኸው አንተ ነህ። የምትጽፈውም አንተ ነህ።»

ያን ቀን እስከ ምሽት ሞከርኩ። ወረቀት አስገባለሁ፣ አንድ መስመር እመታለሁ፣ አወጣለሁ። የሚመጣልኝ ሁሉ ቀድሞ የተባለ ነው። «እኔ ደካማዋ አመልካች»፣ «እንባዬን እያፈሰስኩ»፣ «የድሃ አምላክ»። ሴትዮዋ ምን እንደነገረችኝ ለማስታወስ ስሞክር የራሴ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚሰማኝ። እውነቱን ለመናገር እንዳልሰማኋት የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ እትዬ ሙሉ ሻይ አምጣ አሉኝ።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብኝ! የሴትዮዋ ዕቃ ዝናብ ላይ ነው። ለጉሽ ጊዜ የለንም።»

«ለዚህ እኮ ነው። ሂድ አምጣ።»

አመጣሁ። ሁለቱንም ብርጭቆ ከደኑና ጀመርን። በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላጭበረብር ጻፍኩ። ያ ወረቀት እንደሌሎቹ ባልዲ ውስጥ ገብቷል፤ የጻፍኩት ግን ዛሬም ከነቅደም ተከተሉ ትዝ ይለኛል። የምጽፈው የለኝም የለኝም የለኝም። እንደ እናቴ ጦሬ፣ ይቺ ዓረፍተ ነገር ትጥፋ። ዝናብ። ፕላስቲክ። ሻሿ ረጥቦ ነበር። አፌ ነው አለች። ለምን አፌ ነው አለች። እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋት። አይጻፍም አልኩ። ምኑ ነው የማይጻፈው። ሽንት ቤት። ገመድ። ገመድ ነበር ያለችው። ገመዱ ላይ ቋጠሮ አለ አለች።

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ብድግ ልል ስል እትዬ ሙሉ ቀና ሳይሉ፣ «አልበረደም» አሉኝ። ቀጠልኩ። ገመድ፣ ቋጠሮ፣ ገመድ፣ እያልኩ ወረቀቱ አለቀ። ሻዩ ሲበርድ ጠጥቼው በሩጫ ወጣሁ።

ውቤ በረሃ ቅርብ ነው፤ ቁልቁል ወርጄ ግቢውን ጠይቄ አገኘሁት። ዘነበች ዕቃዋ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ጥግ ሥር ቆማ ነበር። ስታየኝ ፊቷን አዞረች።

«ገመዱን ልታሳዪኝ መጣሁ» አልኳት። ተሳስቼ ነው፤ «ላየው መጣሁ» ለማለት ነበር።

«አይጻፍም አላልክም?»

«ደንቆሮ ስለሆንኩ ነው።»

ትንሽ አሰበችና በእጇ አመለከተችኝ። ገመዱ ከታሸገው በር ሥር ይወጣል። ውስጥ ከአልጋው እግር ነው የሚጀምረው አለችኝ። ከዚያ ግድግዳውን ተከትሎ፣ ከእንጨት ወደ እንጨት እየታሰረ፣ ግቢውን አቋርጦ የጋራው ሽንት ቤት ይደርሳል። እማማ አሰገደች ሰው እጃቸውን ይዞ ሽንት ቤት ሲወስዳቸው እያፈሩ፣ ዘነበች ከሥራ እስክትመለስ ውኃ መጠጣት ትተው ነበር። ሴትዮዋ በጥም ሊሞቱ ነው ብላ ነው የዘረጋችው። አንድ ቋጠሮ ሲነኩ ደረጃ አለ ማለት ነው። ሁለት ቋጠሮ ሲሆን የውኃ መውረጃው ቦይ ነው። ሦስት ሲሆን ደርሰዋል። ገመዱ በእጅ ብዛት ለስልሶ ጠቁሯል።

ዓይኔን ጨፍኜ ይዤው ሄድኩ። ሁለተኛው ቋጠሮ ላይ እግሬን ሳነሳ ያላየኋቸው አሮጊት እጅ ከእጄ ሥር ያለ መሰለኝ። አለቀስኩ፤ ዘነበችም አየችኝ።

ማመልከቻውን ለመጻፍ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። እንዲህ ይጀምር ነበር፤ «ከእማማ አሰገደች አልጋ እስከ ግቢው ሽንት ቤት ሃያ ሦስት እርምጃ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ሰው እየመራቸው መሄድ ስላፈሩ፣ ብቻቸውን እንዲሄዱ ገመድ ዘረጋሁላቸው።» ከዚያ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። መጨረሻው ላይ፣ «ዘመዳቸው አይደለሁም። ገመዱ ግን አሁንም እዚያው አለ። መጥታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ እንድታዩት እለምናለሁ» አልኩ። እትዬ ሙሉ አስጠግተው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እለምናለሁ»ን ሰርዘው «እጠይቃለሁ» አሉ። ሌላ ምንም አልነኩም። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

ማመልከቻው በገባ በሦስተኛው ቀን ከከፍተኛው ሦስት ሰዎች መጡ፤ ያ ሰው ያሳቀባት ሊቀመንበርም ነበር። እኔ ግቢው በር ላይ ቆሜያለሁ። ሊቀመንበሩ ማመልከቻውን በእጁ እንደያዘ ገመዱን አየው። መጀመሪያ እንደተጸየፈ ሰው በሁለት ጣት ያዘው። ቀጥሎ በሙሉ እጁ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ለባልደረባው ሰጠና ዓይኑን ጨፈነ።

አንዱ ቋጠሮ ላይ ሲደርስ እግሩን ዝቅ አደረገ። ሁለቱ ላይ ቆመ፣ ዳበሰ፣ ሰፋ አድርጎ ተራመደ። ሦስቱ ላይ እጁን ዘርግቶ የሽንት ቤቱን በር ነካ። ጀርባውን ሰጥቶን እዚያው ትንሽ ቆየ።

«ማነው የቋጠረው?» አለ ሳይዞር።

«እኔ ነኝ» አለች ዘነበች።

«ስንት ዓመት ሄዱበት?»

«አራት።»

ተመልሶ መጣ። እስክሪብቶ አወጣና እኛ በተውንለት ኅዳግ ላይ «ባለችበት ትቀጥል» ብሎ ጻፈ። ያን ሰው ለአንድ ሳምንት ስረግመው ነበር። ያን ቀን ግን አከበርኩት፤ ቃሉን በሕዝብ ፊት መልሶ መዋጥ በዚያን ጊዜ ለእንደሱ ያለ ሰው ቀላል አልነበረም። እሽጉ ተነሳ። ፍራሹን ላግዛት ስል ዘነበች «ተወው፣ እችላለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ለወንድሞቿ ደብዳቤ ለማስጻፍ ብዙ ጊዜ እኛ ዘንድ መጥታለች። እኔ ሥራ ፈትቼ ብቀመጥ እንኳ የእትዬ ሙሉን ወረፋ ትጠብቃለች። እውነት ነበራት።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉሽ አምልጦኝ አያውቅም። የሆነውን ነገር እትዬ ሙሉ እንዲህ ነበር ያስረዱኝ፤ «ጠዋት የራስህን ካላፈሰስክ ቀኑን ሙሉ በሰው ጉዳይ ላይ የራስህን ትጽፋለህ። መጀመሪያ የሚወጣው የለመድከው ነው፤ ይውጣ፣ ቦታ ይልቀቅ። ያላሰብከው ከእሱ ኋላ ተሰልፎ ነው የሚጠብቅህ።» እውነትም ከለመድኩት ኋላ ብዙ ነገር ተሰልፎ ነበር። ወሬ ሰምቼ የማልፍ ሰው ነበርኩ፤ አሁን የሰዎች አነጋገር ጆሮዬ ላይ መቅረት ጀመረ። የቀበሌያችን የኪነት ቡድን አጭር ተውኔት ጻፍልን ሲለኝ አንድ ጠዋት ከጉሹ መሀል ብቅ ባለች ነገረኛ ባለሻይ ቤት ላይ ጻፍኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እትዬ ሙሉ ከፊት ተቀምጠው ኮታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንፈራፈራሉ። በኋላ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ከአንዱ አለቃ ወደ ሌላው ስዛወር፣ የምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ የዚያች ክፍል ውጤት ነበር።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ከመግባቴ በፊት ግን የእትዬ ሙሉ ዓይን ጠፋ። ከሰው ደብቀውት ዓመት ያህል ሠርተዋል፤ ጣታቸው መኪናውን ስለሚያውቀው ማንም አልነቃም። እኔ ያወቅኩት በሻዩ ነው። አንድ ጠዋት ሳህኑን ብርጭቆው ላይ ሊከድኑ ሲሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አንስቼ ከደንኩላቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ «ለማንም እንዳትናገር። ዕውር ጸሐፊ ጋ ማን ይመጣል?» አሉኝ። አልተናገርኩም። ሰፈር ግን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ከዕለታት አንድ ቀን ዘነበች የተጠቀለለ ገመድ ክንዷ ላይ አድርጋ፣ መዶሻና ሚስማር ይዛ መጣች። ለእኔ ሰላምታ ሳትሰጥ ሥራ ጀመረች። ከጓዳው ከእትዬ ሙሉ አልጋ ተነስታ፣ በመሀል በሩ አድርጋ፣ እስከ ጠረጴዛቸው፣ ከጠረጴዛቸው እስከ ውጭው በር ዘረጋችው። ሚስማሩ በወረቀት በተጠቀጠቀው ግድግዳ ላይ አልይዝ እያለ አስቸገራት። ስትጨርስ የእትዬ ሙሉን እጅ ይዛ አስተማረቻቸው።

«አንድ ቋጠሮ ሲሆን ደረጃ ነው። ሁለት ሲሆን የዚህ ልጅ ወንበር ነው፤ እንዳይደናቀፉበት።»

ከዚያ ዞራ አየችኝና ሳቀች። ከዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። እኔም ሳቅኩ።

እትዬ ሙሉ ጉሹን አላቋረጡም። መስመሩ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፣ ወረቀቱ ይጠቁራል። «አለመነበቡ እንደሆነ ድሮም ሕጋችን ነው» ይሉ ነበር። እኔ ከእሳቸው ዘንድ ልለቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ፣ እንደ ልማዳችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንጽፍ የእሳቸው እርሳስ ድምፁ ተለወጠብኝ። አጮልቄ አየሁ። የእርሳሱ ጫፍ ገና በመጀመሪያው መስመር ተሰብሮ ኖሯል። ወረቀቱ ላይ ከደረቅ ጭረት በቀር ምንም የለም። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸው አንዴም ሳይቆም ይጽፋሉ። እኔም መጻፌን ቀጠልኩ። ሻዩን በጣታቸው ነኩት፣ ጠጡት፣ ባዶውን ወረቀት ወደ እኔ ገፉልኝ።

«ዛሬስ ደህና ወጣልኝ» አሉ።

አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወረቀቱን እንደሌሎቹ ቀድጄ ባልዲው ውስጥ ጨመርኩት። በሩ ተንኳኳ፤ የቀኑ የመጀመሪያ ባለጉዳይ ነበር። እትዬ ሙሉ ተነስተው ገመዱን ያዙ፣ ሁለቱ ቋጠሮ ላይ ሲደርሱ የወንበሬን መደገፊያ በእጃቸው መታ መታ አደረጉትና ሊከፍቱለት ሄዱ።